ልጓሙስ ለምን ተሠራ?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶች። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተረትና ምሳሌ እንጀራዬ ነበርና አባባሉን አላቃልለውም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በእኛ አፍ «ዘር» ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆኗል። ልጁ ሲሰክር «የአባቱ ነው»፣ ሲታመም «በዘራቸው አለ» እንልና መዝገቡን እንዘጋለን። ለጋብቻ የሚጠያየቁ ቤተሰቦችም በሹክሹክታ «ልባቸው ደህና አይደለም» ተባብለው ይለያያሉ። እስቲ ዛሬ ዘርን ጥያቄ አድርገው ስለያዙ ሐኪሞች ላውጋችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ጃፓን ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1961 ዶክተር ቶሚሳኩ ካዋሳኪ፣ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቀይ መስቀል ሆስፒታል የሚሠሩ የሕፃናት ሐኪም፣ የሚያውቁት በሽታ ሁሉ የማይገልጸው የ4 ዓመት ልጅ ገጠማቸው። ልጁ ዳነና ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይረሳው ነበር። እሳቸው ግን ተመሳሳይ ልጅ በመጣ ቁጥር መመዝገብ ያዙ። አልበርድ የሚል ትኩሳት፣ የቀላ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ እንጆሪ የመሰለ ምላስ፣ ሽፍታ፣ ያበጠ እጅና እግር፣ የአንገት ንፍፊት። በ1967 የ50 ልጆችን ታሪክ አሳተሙ። በሽታው ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

መጀመሪያ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ጥሎ የሚሄድ በሽታ ይመስል ነበር። በ1970 ጃፓን ውስጥ አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ግን «ተሻላቸው» ከተባሉት መካከል በድንገት የሞቱ ልጆች መኖራቸው ታወቀ። አስከሬናቸው ሲመረመር ልብን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች እንደ ፊኛ አብጠው፣ ደም ረግቶባቸው ተገኙ። ለካ በሽታው የደም ሥር ብግነት ኖሯል! ካልታከመ ከ4 ልጆች በአንዱ ላይ ይህን የልብ ጣጣ ጥሎ ይሄዳል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት በጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ ጉዳቱ ከ100 ወደ 5 ልጆች ገደማ ወርዷል።

ታዲያ ለምን ይሄ ልጅ ታመመና ያኛው ቀረ? ለ«ዘር» ባዮች የሚመች መልስ አለ። ጃፓን ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት ከ300 በላይ ይታመማሉ፤ አሜሪካ ውስጥ 20 ገደማ። «አየሩ ይሆናል» እንዳይባል ሃዋይ አለች። ከ1996 እስከ 2006 በተደረገው ቆጠራ፣ በዚያችው ደሴት ላይ የጃፓን ዘር ካላቸው 100,000 ልጆች 210 ሲታመሙ፣ ከነጮቹ 14 ያህል ናቸው። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ልጅም አደጋው ከሌላው አሥር እጥፍ ያህል ነው። በቃ፣ በዘር ነው! መዝገቡ ይዘጋ?

አልዘጉትም። ምክንያቱም በሽታው ጃፓን ውስጥ በ1979፣ በ1982 እና በ1986 እንደ ወረርሽኝ ተነሥቷል። የሚወለደው ልጅ እያነሰ፣ በ2018 የታመሙት ከ17,000 በልጠዋል። በ2020፣ ሕዝቡ በኮቪድ ምክንያት ሲራራቅ፣ ቁጥሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ሦስተኛ ያህል ወረደ። የሕዝብ ዘር ደግሞ በአንድ ዓመት አይለወጥም። ከውጭ የሚለኩስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ስሙ ግን እስካሁን አልታወቀም። ዘር እንጨቱን ያደርቀዋል እንጂ ክብሪቱን አይጭርም።

እንጨቱን የሚያደርቀው ምንድን ነው? በ2008 ዮሺሂሮ ኦኑቺና ባልደረቦቻቸው አይ.ቲ.ፒ.ኬ.ሲ. የተባለ ጂን ላይ ደረሱ። እዚህ ላይ የአባቶች ተረት ትዝ አለኝ፤ የዚህ ጂን ሥራ ልጓም መሆን ነውና! ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ሲቆጡ ያዝ ያደርጋቸዋል። አንዲት የፊደል ለውጥ ያለበት ልጅ ልጓሙ ይላላል፤ ወታደሮቹ ጠላት ያባረሩ መስሏቸው የገዛ አገራቸውን፣ የልብን ደም ሥር፣ ያቃጥላሉ። ለውጡ በጃፓን ልጆች ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ ልጆችም ላይ ከበሽታውና ከልብ ጉዳቱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ግን ልብ በሉ፦ ይህን ለውጥ ከያዙት አብዛኞቹ በሽታውን ሳያዩት ያድጋሉ። ከዚያ ወዲህም በሌሎች ጂኖች ላይ ተጨማሪ ለውጦች ተገኝተዋል፤ ብቻውን የሚፈርድ ግን የለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። የላላው ልጓም የት ጋ እንደሆነ ከታወቀ፣ በሌላ ልጓም ይደገፍ አሉ። ሳይክሎስፖሪን፣ የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት የቆየ መድኃኒት፣ የሚሠራው እዚያው መስመር ላይ ነበር። የተለመደው ሕክምና ላይሠራላቸው ይችላል የተባሉ 175 የጃፓን ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ብቻ ከወሰዱት ከ100 በ31ዱ ላይ የልብ ደም ቅዳ ችግር ታየ፤ ሳይክሎስፖሪን ከተጨመረላቸው በ14ቱ ላይ ብቻ።

እኛ አገር ልጅ አተኩሶት ሽፍ ሲል «ኩፍኝ ነው» ማለት ይቀናናል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ግን ትኩሳቱ 5 ቀን ካለፈ፣ ዓይኑና ከንፈሩ ከቀላ፣ ሐኪም ይየው፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲደርስ ነውና። የሐኪሙ ጥያቄም «በእናቱ ወገን ነው በአባቱ?» የሚል ክስ አይደለም። በቤተሰቡ የታመመ ካለ ቶሎ ሊደርስለት ነው።

ዘር ይስባል፤ እሺ። ልጓም የተሠራውስ ለምን ሆነና?