ከቤተ ክርስቲያን ተባሮ የተመለሰው ከበሮ

ጄምስ ሎሬይንና ፍሬድሪክ ሳቪጅ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሚሽነሪዎች ጃንዋሪ 11 ቀን 1894 ትላውንግ በተባለው ወንዝ በጀልባ ሽቅብ ተጉዘው ሳይራንግ መንደር ደረሱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሩ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በባንግላዴሽና በምያንማር መካከል ያለው ተራራማው የሚዞራም ክፍለ ግዛት ነው። የሚዞ ሕዝብ ያኔ የሚጽፍበት ፊደል አልነበረውም። ሁለቱ ሰዎች አራት ዓመት ሳይሞላቸው ቋንቋውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ የሉቃስንና የዮሐንስን ወንጌልም ተረጎሙ።

መዝሙር ላይ ሲደረስ ነገሩ ከበደ። እነሱን የተኩት የዌልስ ሚሽነሪዎች በ1899 የመጀመሪያዋን ትንሽ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ። ከመካከላቸው ሚዞዎች ዞሳፕታራ እያሉ የሚጠሩት ኤድዊን ሮውላንድስ ብዙ መዝሙር ተርጉሟል፣ ደርሷልም። ችግሩ ዜማው ነበር። የሚዞ ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። በአውሮፓ ዜማ ላይ የተጫነ የሚዞ ግጥም ወረቀት ላይ ደህና ሆኖ ሳለ ሲዘመር ቃሉ ከዜማው ይጋጫል። ከዚህም ሌላ የሚዞ ባላገር ለግጥም ብቻ የሚጠቀምባቸው፣ ከአያት የወረሳቸው ቃላት ነበሩት። በትርጉም መዝሙሮቹ ውስጥ እነዚህ ቃላት ከሞላ ጎደል የሉም።

ከሁሉ የባሰው ግን ከበሮው መባረሩ ነው። ኹዋንግ የሚሉት የሚዞ ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ተሠርቶ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ ይለበጣል። የሚመታው በድግስ ነበር፤ ድግሱ ደግሞ ዙ የሚባል የሩዝ ጠላ የሚንቆረቆርበት ነው። ሚሽነሪዎቹም፣ መጠጡን የተዉት የመጀመሪያዎቹ አማኞችም ከበሮ ሲሰሙ የሚታያቸው ጋኑ ነበር። ስለዚህ በአምልኮ እንዳይመታ ተከለከለ። ከበሮን ከማኅሌት ለይቶ ማሰብ ለማይሆንለት ለእኛ አገር ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ የፈሩበት ምክንያት ግን ሊገባን ይችላል።

ከዌልስ የተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት እዚያው ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ባሉት በካሲ ኮረብቶች በኩል አልፎ በ1906 ሚዞዎች ዘንድ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ደግሞ ፑማ ዛይ የተባለ ዘፈን ከመንደር መንደር እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አዲሱን እምነት የሚቀናቀን፣ ድግስና ጭፈራ የሚያስከትል ዘፈን ነበር። በእኔ ግምት ለቤተ ክርስቲያኗ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚህ ከተቀናቃኟ ነው፤ ሕዝቡ የናፈቀው የራሱን ዜማና የራሱን ከበሮ መሆኑ ያኔ ታየ።

በ1919 ሌላ መነቃቃት ተነሣ። በዚህ ጊዜ ከበሮው ወደ ጉባኤው ተመለሰ። ከበሮውም ብቻውን አልመጣም፤ እንደ ፓቴያ፣ ሳይህኑና እና ካምላላ ያሉ የአገሬው ባለቅኔዎች የራሳቸውን መዝሙር መድረስ ጀመሩ። የተጠቀሙት እነዚያኑ የአያት ቃላት ነው፤ ስለ ጎልጎታና ስለ ሰማያዊት አገር የሚናገሩት ግን ናፍቆትና ሐዘን በተቀላቀለበት አንጀት በሚበላ አኳኋን ነው። ሌንግኮም ዛይ የሚባለው የኅብረት ዝማሬ በዚያ ዘመን መልክ ያዘ። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ሚዞ ጆሮ ያልለመዳቸውን የአውሮፓ ግማሽ ድምፆች ይሸሻል፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንድ ሰው የሚቀጥለውን ስንኝ ቀድሞ ይናገራል፣ ጉባኤው ይቀበላል። ትልቁና ትንሹ ከበሮ አብረው ይመታሉ። መንፈሱ የነካው ደግሞ ተነሥቶ መሐል ይገባና ያሸበሽባል። የሶልፋ (ዶ-ሬ-ሚ) ኖታ እያነበበ በአራት ድምፅ የሚዘምረው የመዘምራን ቡድንም አልጠፋም፤ ሚዞዎች እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይዘው ይኖራሉ።

ሌንግኮም ግን ልቡ ያለው ሐዘን ቤት ነው። ሰው ሲሞት የሰፈሩ ወጣት ሁሉ መቃብር ይቆፍራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሐዘንተኛው ቤት ተሰብስቦ ይዘምራል። ይህን የሚያስተባብረው በ1935 የተመሠረተው የሚዞ ወጣቶች ማኅበር ነው። እነ ፓቴያ የደረሷቸው መዝሙሮች ከመጽሐፍ ይልቅ በሰው ልብ ታትመው የቀሩት በእነዚህ ሌሊቶች ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሐዘኑም የሰፈር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሚዞራም በግምት በየ48 ዓመቱ የቀርከሃው ጫካ በአንድ ጊዜ ያብባል። ፍሬውን የበላ አይጥ ይበዛና እህሉን ይጨርሳል። በ1959 እንዲህ ያለ ረሃብ መጣ። መንግሥት በወቅቱ አልደረሰልንም ያለው ሕዝብ ቁጣ አመፅ ወለደ፤ ማርች 1 ቀን 1966 አማፅያኑ ነፃነት አወጁ፣ በቀናት ውስጥ የሕንድ አየር ኃይል ዋና ከተማዋን አይዞልን በቦምብ ደበደበ። ከ1967 ጀምሮ ወታደሩ መንደሮችን እያፈረሰ ነዋሪውን በግድ አሰፈረ። ሰላም የወረደው በ1986 ነው። የፈረሰ ቀዬን የሚያስታውሱ ዜማዎች በዚያ ዘመን ከመዝሙሩ ጎን በቀሉ፤ ዜማቸውን ለሚሰማ ዝምድናቸው አይጠፋውም።

የዘመኑ ዘማሪያን የወረሱት ይህን ሁሉ ነው። የሕዝብ ዜማንም የወንጌል መዝሙርንም የምትደርሰውና የምትዘምረው ላልሳንግዙዋሊ ሳይሎ በ1998 የሕንድን ፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀብላለች። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ፣ ከመቶ 87ቱ ክርስቲያን፣ የተቆጠረበት ክፍለ ግዛት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር መድረክ እንዲህ ሲጠራ ቀላል ነገር አይደለም።

የቋንቋው እንግድነት አያሳስባችሁ። ዩቲዩብ ላይ ሌንግኮም ዛይ ፈልጋችሁ ስሙ፤ በስቱዲዮ ከተቀናበረው ይልቅ ግን ሰው ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጦ በከበሮ ብቻ የሚዘምረውን ምረጡ።