«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የኔትወርክ መሣሪያዎች የአስተዳደር መረጃ አሰባሰብና አደረጃጀት

የመንግሥት ተቋማት አገልግሎት በኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ እየተመሠረተ በመምጣቱ የመስመር መቋረጥ የአገልግሎት መቋረጥ ሆኗል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለልደት የምስክር ወረቀት ወይም ለነዋሪነት መታወቂያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሄደ ተገልጋይ «ሲስተም የለም» ከተባለ የሥራ ቀኑን ያጣል፤ ምክንያቱንም ሳያውቅ ይመለሳል። ይሁንና ይህ ምላሽ የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ስም የሚጠራ ነው። ብልሽቱን ለመለየትና የጥገናው ኃላፊነት የማን እንደሆነ ለመወሰን የሚያስችለው የኔትወርክ መሣሪያዎች የአስተዳደር መረጃ ነው።

የአስተዳደር መረጃ ምንድን ነው?

የአስተዳደር መረጃ ራውተር፣ ስዊች፣ ሰርቨርና መሰል መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው የሚይዙት መረጃ ነው። የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሥራ ከጀመረ ያለፈውን ጊዜ፣ የእያንዳንዱን ፖርት ሁኔታ፣ በፖርቱ ያለፈውን የመረጃ መጠንና የስሕተቶችን ብዛት ያካትታል። ዓላማው የመሣሪያውን ጤንነት ማወቅ ነው፤ ተገልጋዩ በቅጹ ላይ የሞላው ስም፣ የልደት ቀን ወይም ያቀረበው ሰነድ በዚህ ውስጥ አይካተትም። የተገልጋዩ መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ለብቻው የሚጠበቅ ነው።

መሣሪያዎችን ማግኘት

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በምድር መስመርና በሳተላይት ለማገናኘት የተዘረጋ ኔትወርክ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፊ ኔትወርክ ውስጥ መሣሪያዎች ይቀየራሉ፣ ይጨመራሉ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዛወራሉ፤ በወረቀት የተያዘ ዝርዝርም ብዙ ሳይቆይ ከእውነታው ይርቃል። ስለዚህ የማፈላለጉ ሥራ በሶፍትዌር ይከናወናል።

ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ከሚታወቅ አንድ ራውተር ተነሥቶ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ የተገኙትን ጎረቤቶች ደግሞ የእነርሱን ጎረቤቶች እየጠየቀ ይቀጥላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ደንቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኤልኤልዲፒ ነው፤ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ መሣሪያ ማንነቱንና የተገናኘበትን ፖርት ለጎረቤቱ ያሳውቃል። ዝርዝሩ የሚጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤስኤንኤምፒ በተባለው ደንብ ነው። ጥያቄ በፖርት 161 ይቀርባል፤ መሣሪያው በራሱ ተነሣሽነት የሚልከው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በፖርት 162 ይደርሳል።

የደንቡ የመጀመሪያዎቹ እትሞች የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥሩ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሙሉ መለኪያነት የጸደቀው 3ኛው እትም ማንነትን የማረጋገጥና የመመስጠር አቅም ስላለው ለመንግሥት ኔትወርክ ተመራጭ ነው።

መረጃውን በሞዴል ማደራጀት

የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች በአንድ ቋንቋ እንዲናገሩ መረጃው በዛፍ መልክ ተደራጅቶ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቁጥር ይሰጠዋል። በቁጥር 1.3.6.1.2.1.1.3 ሥር የሚገኘው መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ያለፈው ጊዜ ሲሆን፣ የሚለካውም በሰከንድ መቶኛ ነው። በቁጥር 1.3.6.1.2.1.2.2.1.8 ሥር የየፖርቱ ሁኔታ ይገኛል፤ 1 «ይሠራል»፣ 2 «አይሠራም» ማለት ነው። አምራቾችም የየራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ ለምሳሌ የሲስኮ 1.3.6.1.4.1.9፣ የሁዋዌ 1.3.6.1.4.1.2011 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ያንግ የተባለው የሞዴል ቋንቋ ደግሞ የመሣሪያውን ሁኔታ ከማንበብ አልፎ አደረጃጀቱን በሥርዓት ለመለወጥ ያገለግላል።

ቁጥሮቹ ብቻቸውን ግን በቂ አይደሉም። የተሟላ ሞዴል ፖርቱን ከመስመሩ፣ መስመሩን ከጽሕፈት ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ያያይዛል። አንድ ዋና መስመር ሲቋረጥ ከበስተጀርባው ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ሞዴሉ ያለው ባለሙያ ብዙ ብልሽት ሳይሆን አንድ መነሻ እንዳለ ይረዳል። ሞዴሉ የሌለው ግን በየቢሮው እየዞረ ጊዜ ያባክናል።

ብልሽቱ እንዴት ይለያል?

• የኤሌክትሪክ መቋረጥ፦ ራውተሩ ምላሽ አይሰጥም፤ ሲመለስም ሥራ ከጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንዳለፉ ያሳያል።
• የመስመር መቋረጥ፦ ራውተሩ ከውጭ ምላሽ አይሰጥም፤ ሲመለስ ግን ከመቋረጡ በፊት ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲሠራ እንደነበረ ያሳያል።
• የመስመር መጨናነቅ፦ ሁሉም መሣሪያ ይሠራል፤ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ግን የመስመሩን አቅም ሞልቶታል።
• የማዕከሉ ሰርቨር ብልሽት፦ የጽሕፈት ቤቱ መሣሪያዎችና መስመር ጤናማ ናቸው፤ ሰርቨሩ ወይም በላዩ ያለው ፕሮግራም አይሠራም።

የመጀመሪያው ችግር በመጠባበቂያ ኃይል፣ ሁለተኛው በመስመር ጥገና፣ ሦስተኛው አቅም በማሳደግ፣ አራተኛው በማዕከሉ ባለሙያዎች የሚፈታ ነው። የችግሩ መነሻ ሳይታወቅ የሚገዛ አዲስ ኮምፒዩተር ከአራቱ አንዱንም አይፈታም።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ

አገልግሎት ሲቋረጥ ተገልጋዩ መቋረጡ የኤሌክትሪክ፣ የመስመር ወይስ የማዕከል እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። ቅሬታ ሲያቀርብ የጽሕፈት ቤቱን ስም፣ የመስኮቱን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቢገልጽ ጉዳዩ ከመሣሪያዎቹ መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይችላል። ሰዓቱን ሲጽፍ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ብሎ መለየት ይኖርበታል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡00 የሆነው በአዲስ አበባ ሰዓት በተስተካከለ መሣሪያ 10፡00፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት በሚሠራ መሣሪያ ደግሞ 07፡00 ሆኖ ይመዘገባል፤ ይህ ካልተጠቀሰ ትክክለኛ ቅሬታ ማስረጃ የሌለው ሊመስል ይችላል። በጽሕፈት ቤቱ ምላሽ ያልረካ ተገልጋይ ቅሬታውን በየደረጃው ላሉ የበላይ አካላት፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።