በጊታር ራስ ላይ የተጻፈ ስም

ቤዝ ጊታር የሚጫወትልን አንድ ወንድም ባለፈው ዓመት ከልምምድ በኋላ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። የውል ረቂቅ ነው። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ጊታር በግማሽ ዋጋ ይሰጠዋል፤ እርሱ ደግሞ በመድረክም ሆነ በቪዲዮ የእነርሱን መሣሪያ ብቻ ይዞ ይታያል። “ጋሼ፣ ልፈርም?” አለኝ። ፈርም ወይም አትፈርም ከማለት የሌስ ፖልን ታሪክ ነገርኩት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌስ ፖል በ1915 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። ጊታር መጫወት ብቻ ሳይሆን መፈታታትና መልሶ መግጠምም የሚወድ ሰው ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወፍራም የጥድ እንጨት ላይ ክርና ፒክአፕ ገጠመበት፤ ሰው እንዳይስቅበት የሌላ ጊታር አካል ለሁለት ሰንጥቆ ከግራና ከቀኝ ለጠፈለት። “ግንዱ” ብሎ ሰየመው። ወደ ጊብሰን ኩባንያ ሲወስደው ግን፣ እርሱ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የመጥረጊያ እንጨት ነው ብለው ሳቁበት። በ1948 በመኪና አደጋ ቀኝ ክንዱ ክፉኛ ተሰበረ። ሐኪሞቹን የለመናቸው አንድ ነገር ነው፦ ክንዱ ከእንግዲህ የማይታጠፍና የማይዘረጋ ከሆነ ጊታር ለማቀፍ በሚያመች መልኩ አጥፈው እንዲያስተካክሉለት። እንዲሁ ሆነ።

ታዲያ የሳቁበት ሰዎች ምን መለሳቸው? ገበያ ነው። በ1950 ፌንደር የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት ከወጥ እንጨት የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር አወጣ፤ ተሸጠለትም። በ1951 ደግሞ ሌስ ፖል ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር የሠራው “ሃው ሃይ ዘ ሙን” በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ጊብሰን አሁን ስሙን ፈለገው። በ1952 “ሌስ ፖል” የሚል ስም በራሱ ላይ የተጻፈበት ወርቃማ ጊታር ወጣ። ውሉ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጊታር ድርሻ ያገኛል፤ በሕዝብ ፊት ግን ከጊብሰን በቀር ሌላ አይዝም።

ጊታሩን ማን ነደፈው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የዚያን ጊዜ የጊብሰን ፕሬዚዳንት ቴድ ማካርቲ አብዛኛው የፋብሪካው ሥራ ነው ብሏል፤ ሌስ ፖል ደግሞ ለራሱ የሰጠው ድርሻ ከዚያ በጣም ይበልጣል። የማያከራክረው ክሮቹ የሚታሰሩበት የኋላው ብረት የእርሱ ንድፍ መሆኑ ነው። እርሱም ተበላሸ! ፋብሪካው የጊታሩን አንገት በቂ ዘንበል ሳይሰጠው ስለ ገጠመው፣ ከብረቱ በላይ ማለፍ የነበረባቸው ክሮች በሥሩ እንዲያልፉ ተደረገ። በመዳፍ ክር እያፈነ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። ስሙ የተጻፈበትን ዕቃ ባለስሙ ራሱ እንደ ልቡ ሊጫወትበት አልቻለም። ቆይቶ ተስተካከለ፤ እርሱ ግን የሚይዛቸውን ጊታሮች እየከፈተ የራሱን ፒክአፕ ይገጥምባቸው ነበር። ውሉ የውጩን እንጂ የውስጡን አልጠየቀም መሰለኝ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1961 ነው። ሽያጩ ስለ ቀዘቀዘ ጊብሰን የጊታሩን ቅርጽ ጨርሶ ለወጠው፤ አካሉን አሳሳው፣ ሁለት ሹል ቀንዶች አወጣለት። ስሙን ግን አልለወጠም። ሌስ ፖል ያን ቅርጽ አልወደደውም። በዚያው ሰሞን ትዳሩም እየፈረሰ ነበርና የፍቺው የገንዘብ ጉዳይም አዲስ ውል እንዳይፈርም አንዱ ምክንያት ሆነ። በ1963 ስሙ ከጊታሩ ላይ ወረደ፤ ጊታሩም “ኤስ ጂ” ተባለ። የወንጌል ዘማሪዋ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1964 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በአንድ የባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ስትዘምር የያዘችው ነጭ ጊታር የዚሁ ባለ ቀንዱ ቤተሰብ ነው። ያን ቅጂ ያየ ሰው ሌስ ፖል ቅርጹን መጥላቱ ይገርመዋል።

አሮጌው ሞዴልስ? ሥራው የቆመ ቢሆንም እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተን አንድ አሮጌ ሌስ ፖል ገዝቶ በ1966 በወጣ አልበም ላይ ተጫወተበት። ከኩባንያው ጋር ምንም ውል አልነበረውም፤ ድምፁን ስለ ወደደው ብቻ ነው። ወጣቶች አሮጌዎቹን መፈለግ ጀመሩ፣ ዋጋቸውም ናረ። ጊብሰን ወደ ሌስ ፖል ተመልሶ አዲስ ውል ተዋዋለ። ከዚያ በኋላ በ2009 በ94 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ስሙ ከጊታሩ ራስ ላይ አልወረደም።

ልማዱ ከጊታር ይቀድማል። የፒያኖ ሠሪው ስታይንዌይ በ1872 አንቶን ሩቢንስታይንን ከሩሲያ ወደ አሜሪካ አስመጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ኮንሰርት አሠርቶታል፤ እርሱም ክፍያውን በወርቅ ነው የጠየቀው። ዛሬ ግን በዚያው ኩባንያ የአርቲስቶች መዝገብ ላይ የሚገባ ሰው ክፍያ የለውም፣ ፒያኖውንም ራሱ ገዝቶ ነው።

ወንድማችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ወረቀቱን እንደ ገና አነበበ። “እሑድ የምጫወትበት ቤዝ የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው፤ የሌላ ድርጅት ሥራ ነው። በቪዲዮ ደግሞ ይተላለፋል” አለ። ሌላም አየ፦ ውሉ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ሁለቱም እንዲስተካከሉለት ጠየቀ። መደብሩ ቀኑን ጻፈለት፤ የእሑዱን ግን እምቢ አለ።

አሁንም የሚጫወተው በዚያው በቤተ ክርስቲያኒቱ ቤዝ ነው። ሦስተኛው ክር ትንሽ ይነዝራል።