ማንሳትና መቅረጽ

በአማርኛ ፎቶግራፍ «እናነሳለን»፤ ቪዲዮ ግን «እንቀርጻለን»። ሁለቱ ግሦች እንዲያው በከንቱ የተለያዩ አይመስለኝም። ፎቶ አንሺ ከሚሮጠው ጊዜ ላይ አንዲት ቅጽበት ብድግ አድርጎ ይወስዳል፤ የቀረው ጊዜ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። ቀራጭ ግን ድንጋይ እንደሚጠርብ ሰው ከነገሩ ጋር አብሮ ይዘልቃል፤ ጅማሬውን፣ መሐሉንና ፍጻሜውን እየተከተለ ያሰፍራል። ሙያው ሁለት ስለ ነበረ መሣሪያውም ሁለት ነበረ። ሠርግ ላይ የቆመ ሁሉ ያስታውሰዋል፦ ፎቶ አንሺው በአንድ ወገን፣ ባለቪዲዮው በሌላ ወገን፣ አንዱ የሌላውን እይታ እየከለለ በሙሽሮቹ ፊት ሲጋፉ። ዛሬም ይጋፋሉ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጅ ያለው ካሜራ አንድ ዓይነት ሆኗል።

ይህ እንዴት ሆነ? ቆሞ ለሚቀር ምስል የተሠራው ካሜራ የሚንቀሳቀሰውን ምስል እንዴት ወረሰ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ሲተረክ፣ ቪዲዮ በፎቶ ካሜራ ላይ እንደ ምርቃት የተጨመረ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ በተከተልሁት መጠን የሚታየኝ የቆየ ብድር ሲመለስ ነው። መጀመሪያ ያበደረው ፎቶግራፍ ነበር። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚባል ስፍራ፣ በመሮጫው ዳር 12 የፎቶ ካሜራዎችን ደርድሮ የምትጋልብ ፈረስ አነሳ። ፈረሷ በየካሜራው ፊት የተዘረጋውን ክር እየበጠሰች ስታልፍ ካሜራዎቹ በየተራቸው ከፍተው ዘጉ። እነዚያ የቆሙ ምስሎች አንድ ላይ ሲደረደሩ ሩጫው ታየ፤ ሲኒማም ከዚህ መሰሉ ሙከራ ተፀነሰ።

ተራው ደርሶ የተበደረው ደግሞ ፎቶግራፍ ነው። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ፣ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም ያስቸግረው ነበርና የዘመኑን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ መጓዝ አልሆነለትም። ስለዚህ ባለ 35 ሚሊ ሜትሩን የሲኒማ ፊልም ወሰደ፤ ሁለት የሲኒማ ፍሬሞችን አንድ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ በ1914 ገደማ ሠራ። ይኸው ካሜራ በ1925 ላይካ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጠኛ በአንገቱ አንጠልጥሎ ጦር ሜዳና አደባባይ የዞረበት ካሜራ እንግዲህ ከሲኒማ ጥቅልል የተቆረጠ ነው። 24 በ36 የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

በዲጂታሉም ዘመን መበዳደሩ አልቆመም። በ1975 በኮዳክ ኩባንያ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። 100 በ100 ነጥብ የሆነችውን ምስል በካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ምስሉም የሚታየው በቴሌቪዥን ነበር። በ1981 ሶኒ ማቪካ የተባለውን ካሜራ ለዓለም ሲያሳይ፣ መሣሪያው ፎቶ የሚያነሳ ይሁን እንጂ በውስጡ የቪዲዮ ካሜራ ነበር፦ ከቪዲዮው ፈሳሽ አንዲት ፍሬም ጨልፎ በትንሽ ማግኔታዊ ዲስክ ላይ የሚያኖር። ኤሌክትሮኒኩ ፎቶግራፍ ሲወለድ በቪዲዮ ቤት ነው የተወለደው።

ከዚያ በኋላ ዘመዶቹ ተራራቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየኪሱ የገቡት ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች «ቪዲዮ» የሚል ምልክት ነበራቸው፤ የሚቀርጹት ግን እንደ ቴምብር ያነሰ፣ ብዙ ጊዜ 320 በ240 ነጥብ የሆነ፣ በሰከንድ 15 ፍሬም ያህል የሚንገዳገድ ምስል ነበር። አንዳንዱ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይቆማል፤ አንዳንዱ ድምፅ የለውም። አሠራሩ ሲታይ የሚገርም የዋህነት አለበት፦ ብዙዎቹ እያንዳንዷን ፍሬም እንደ አንድ ራሷን የቻለች ፎቶግራፍ አሽገው፣ ፎቶግራፎቹን በተከታታይ ይደረድሩ ነበር። ማይብሪጅ በ12 ካሜራ ያደረገውን እነርሱ በአንድ ካሜራ አደረጉት ማለት ነው። ያኔ ይህን ሥራዬ ብሎ የተመለከተው ሰው አልነበረም፤ የልጅ ልደት መቅረጫ፣ መጫወቻ ነገር ነበር።

የባለሙያው ካሜራ ግን ይህችንም አይችልም ነበር። ምክንያቱ መስታወት ነው። ሌንስ የሚቀያየርለት ትልቁ ካሜራ ከሌንሱ የገባውን ብርሃን በመስታወት እያንጸባረቀ ወደ አንሺው ዓይን ይልከዋል፤ መስታወቱ ብድግ የሚለው ፎቶው በሚነሳባት ቅጽበት ብቻ ነው። ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ተቀምጦ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ብቻ ዓለምን ያያል። መስታወቱን አንሥቶ በማቆየት ምስሉን በጀርባው ስክሪን ላይ በቀጥታ ማሳየት ሲቻል ግን ነገሩ ተለወጠ። ሴንሰሩ ሳያቋርጥ ካየ፣ ያየውን ሳያቋርጥ መጻፍ የሚቀጥለው እርምጃ ነው።

ያ እርምጃ የተወሰደው በ2008 ነው። በነሐሴ ወር መጨረሻ ኒኮን ዲ90ን አስተዋወቀ፦ 1280 በ720 ነጥብ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ደቂቃ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ካነን 5ዲ ማርክ 2ን አመጣ፦ 1920 በ1080 ነጥብ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በአንድ ጊዜ 12 ደቂቃ ያህል። የካነኑ ሴንሰር ስፋት 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ባርናክ ከሲኒማ የተበደረው መጠን ከ90 ዓመታት በላይ ቆይቶ የሚንቀሳቀስ ምስል ይዞ ተመለሰ።

ይህ መጠን ለምን ያን ያህል ዋጋ ኖረው? በዚያ ዘመን አቅም ያነሰው ፊልም ሠሪ የሚጠቀምባቸው የቪዲዮ ካሜራዎች ሴንሰራቸው በጣም ትንሽ ነበር፤ አንድ ሦስተኛ ኢንች የሚባለው 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቢባዛ የካነኑ ስፋት የዚህን 50 እጥፍ ይሆናል። ሴንሰሩ ትንሽ ሲሆን ምስሉ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ይጠራል፤ ብርሃንም አብዝቶ ይፈልጋል። የእኛን አገር የቪዲዮ ፊልሞች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየሲኒማ ቤቱ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ የተዋናይዋ እንባም፣ ከኋላዋ የተሰቀለው የግድግዳ ካላንደርም እኩል ጎልተው ዓይን ይሻማሉ። ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያው ዋናውን ከትርፉ መለየት አያውቅም ነበር። ትልቁ ሴንሰር ግን ፊቱን አጥርቶ ካላንደሩን ወደ ጉም ይለውጠዋል። ለተመልካች «ይህን እይ» የሚልበት ቋንቋ ነው፤ ይህን ቋንቋ ቀድሞ መናገር የሚችለው በትልቅ ገንዘብ የሚሠራው ሲኒማ ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ሬድ ዋን የተባለው ዲጂታል የሲኒማ ካሜራ አካሉ ብቻ 17,500 ዶላር ሲሸጥ እንደ ርካሽ ተቆጥሮ ነበር። የካነኑ አካል ዋጋ በአሜሪካ 2,699 ዶላር ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ በር ለፊልም ሠሪ ተብሎ ያልተከፈተ መሆኑ ነው። ካነን ቪዲዮውን ሲጨምር በዋናነት ያሰበው ለድረ ገጽ አጫጭር ቪዲዮ መላክ ለጀመሩት የዜና ፎቶ አንሺዎች ነበር። ከበሩ ገብቶ ያየውን ለዓለም ያሳየውም ከእነርሱው ወገን የሆነ ሰው ነው። የፑሊትዘር ተሸላሚው ቪንሰንት ላፎሬ ገና ለገበያ ያልቀረበውን ካሜራ ለቅዳሜና እሑድ ተውሶ፣ በአብዛኛው በኒው ዮርክ ሌሊት «ሬቨሪ» የተባለችውን አጭር ፊልም ሠራ። ፊልሟ በመስከረም 2008 በኢንተርኔት ስትወጣ ያዩዋት ሁሉ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ በእውነት በፎቶ ካሜራ ነው የተቀረጸው? በግንቦት 2010 ደግሞ «ሃውስ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ በዚሁ ካሜራ የተቀረጸውን የስድስተኛ ምዕራፉን መዝጊያ አሳየ፤ ታሪኩ በፍርስራሽ ሥር ስለ ነበረ ትልቁ ካሜራ የማይገባበት ጥበት ውስጥ ትንሹ ገባ።

ፎቶ ካሜራው ግን ሥራው ያልሆነ ሥራ እየሠራ መሆኑ በየቦታው ያስታውቅ ነበር። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር የቆመ ምሰሶ ይንጋደዳል። ለቪዲዮ ሲል ብዙ መስመሮችን እየዘለለ ስለሚያነብ፣ ሸማን የመሰለ ደቃቅ ሽመና ያለው ልብስ ሲያጋጥመው በልብሱ ላይ የሌለ ሞገድ ይሥላል። ድምፁም ደካማ ነበርና ሠሪዎቹ በሌላ መቅጃ ቀድተው በኋላ ያገናኙት ጀመር፤ የጥንቱ የሲኒማ ጭብጨባ ምልክት ተመልሶ መጣ። የብርሃኑን መጠን በእጅ መቆጣጠር የተፈቀደው በሰኔ 2009 በወጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው፤ የሲኒማው 24 ፍሬምና የእኛ ቴሌቪዥን የሚከተለው 25 ፍሬም የመጡት በመጋቢት 2010 ነው። ሁለቱም የመጡት ያልተጠበቀው ተጠቃሚ ደጋግሞ ስለ ጠየቀ ነው።

የደቂቃው ገደብም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። 12 ደቂቃው የሜሞሪ ካርዱ አደረጃጀት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማያሳድገው የመጣ ነው። ቆየት ብለው በወጡት ካሜራዎች የተለመደው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ግን የመሐንዲስ ሳይሆን የቀረጥ ሥራ ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ስለዚህ በ«ማንሳት» እና በ«መቅረጽ» መካከል ያለው ድንበር በሕግ ተለክቶ አንዲት ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2015 በናይሮቢ በተደረገው የዓለም ንግድ ድርጅት ጉባኤ የቴክኖሎጂ ዕቃዎች ቀረጥ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ከተስማሙ በኋላ ያ ድንበር ትርጉሙን እያጣ ሄደ።

ወደ አገራችን የመጣው ለውጥ በኢኮኖሚ ሊነገር ይችላል። አንድ ወጣት ለፎቶ ብሎ ገንዘቡን አጠራቅሞ የገዛው ካሜራ በዚያው ዋጋ የዘፈን ክሊፕ፣ ማስታወቂያና ፊልም ሠራለት። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት ይህን ነው። ምስሉ የከበረ መልክ ያዘ፤ ከኋላ ያለው ካላንደር ጉም ሆነ። ጉሙ በዛና ፊት ብቻ እየታየ ቤቱ፣ መንደሩ፣ አገሩ የማይታወቅ ፊልምም መጣ። ለዚህ መሣሪያውን አልወቅስም፤ ቋንቋ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ማብዛቱ ያለ ነው።

ዛሬ መስታወቱ ራሱ ከአዳዲሶቹ ካሜራዎች ወጥቷል። በ2023 የወጣው «ዘ ክሪኤተር» የተባለው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም በአብዛኛው የተቀረጸው ኤፍኤክስ3 በተባለው የሶኒ ካሜራ ነው፤ ቅርጹና መጠኑ ከፎቶ ካሜራ የማይለይ። በ2024 ደግሞ በዲ90 የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው ኒኮን፣ ያን ሬድ የተባለውን የሲኒማ ካሜራ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው። ተበዳሪና አበዳሪ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ብድሩ ሲመለስ ግን አንድ ነገር እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። 36 ፍሬም ያለው ፊልም የጫነ አንሺ፣ ከማንሳቱ በፊት ይመርጥ ነበር። 12 ደቂቃ የተሰጠው ቀራጭም ይመርጥ ነበር። ዛሬ ካሜራው አይቆምም፤ ሁሉን ከቀረጽን በኋላ እንመርጣለን ብለን እንተወዋለን፤ ብዙውን ጊዜም ሳንመርጥ እንቀራለን። በየቤቱ አንድ የአባት ፎቶግራፍ በክብር ተሰቅሎ ይኖራል፤ በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለውን የስንት ሰዓት ቪዲዮ ግን የሚከፍተው የለም። ፎቶ ካሜራ ለሲኒማ ሊመልስ የሚገባው ዋነኛ ሀብት ይህ የመምረጥ ልማድ ነበር፤ ሰፊውን ሴንሰር መልሶ እርሱን ቢያስቀር ብድሩ ግማሹ ተከፈለ እላለሁ።

በብዙዎቹ የዛሬ ካሜራዎች ላይ ትንሽ መቀያየሪያ አለች፤ በአንድ ወገን የፎቶ፣ በሌላው ወገን የቪዲዮ ምልክት ተሥሎባታል። ጣት ከመንካቷ በፊት፣ «ከዚህ ነገር ላነሳ ነው የመጣሁት ወይስ ልቀርጸው?» ብሎ ለአፍታ ማሰብ ከማንም ገንዘብ አይጠይቅም።