ክሩዘር ለድሬ ይሆናል?

ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ብር ለአንድ ያገለገለ ክሩዘር ሞተር ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ? ሰሞኑን ሐሳቤ ይኸው ነው። ክሩዘር ስል ያ ረዘም ያለው፣ መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ከፍ ያለው፣ ባለቤቱ እንዳሻው ያሠራው የሚመስለው ሞተር ነው። "የሚመስለው" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ታሪኩ እሷ ላይ ነው።

በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች ከባዱን ሃርሊ ዴቪድሰን ለማቅለል የፊቱን ፓራፋንጎ አወለቁ፣ የኋላውን አሳጠሩ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ጣሉ። ቆይቶ የዚህ ዓይነት ሞተር "ቾፐር" ተባለ፤ የተቆራረጠ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 "ኢዚ ራይደር" በተባለው ፊልም ቾፐርን ያስወደዱትን ሞተሮች የሠሩት ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ስማቸው ግን ለብዙ ዓመታት አልተነሳም። በ1971 ሃርሊ ራሱ "ሱፐር ግላይድ"ን አውጥቶ የጋራዡን መልክ ከፋብሪካ ይሸጥ ጀመር። ጃፓኖቹም ተከተሉ፤ ያማሃ በ1981 ቪራጎን፣ ሆንዳ በ1983 ሻዶውን አመጡ። እንግዲህ ልገዛው የማስበው ሞተር ሌላ ሰው ለራሱ መንገድ የቆረጠው ነገር ቅጂ ነው።

የኛ መንገድስ? ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ባቡሩ ከጅቡቲ ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራው ግን አስቸገረ፤ ሐዲዱ ከሥሩ ሜዳውን ይዞ ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለ፣ ኋላም ድሬዳዋ። ከተማችን የተወለደችው ማሽኑ ለመሬቱ እጅ ስለሰጠ ነው።

ከዚያ ወዲህ እዚህ አካባቢ ማሽን የሚኖረው ጠጋኝ ካገኘ ነው። የምድር ባቡሩ ትልቅ ጋራዥ የድሬን ልጆች ስንት ሙያ አስተማረ! ፔጆ 404ም ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ካበቃ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል።

ክሩዘሩን በዚሁ ሚዛን ላስቀምጠው። መቀመጫው ዝቅ ማለቱ ለኔ ለአጭሯ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ። ግን አቦ፣ 200 ኪሎ የሚያልፍ ሞተር ደቻቱ አሸዋ ላይ ቢያጋድል ማን ያነሳልኛል? ሆዱ ለመሬት ስለሚቀርብ ጉብታ ሁሉ ይፍቀዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ የሚበርደው ሲሮጥ ነው፤ በድሬ ሙቀት ከባጃጅ ኋላ ሲያዘግም ጭን ይጠብሳል። ለረጅምና ቀጥ ላለ አውራ ጎዳና የታሰበ ነገር ደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ይከብዳል። መለዋወጫው ሲጠፋ ደግሞ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጌጥ ይሆናል።

ስለዚህ አልገዛውም። የሠፈሩ መካኒክ ሁሉ የሚያውቃትን ባለ 150 ሲሲ ቀላል ሞተር እገዛለሁ፤ ስፖንጁን አስቀንሼ መቀመጫዋን በቁመቴ ልክ አሠራለሁ። የነዚያ ወጣቶች ሥራ ይኸው አልነበር? በሚተርፈው ብር ጥሩ ሄልሜት እገዛበታለሁ።