ከመሰሎቹ ስለራቀ ነጥብ

የአንድን የመኪና ክፍል ቅርጽ በሌዘር ጨረር ለሚለካ ባለሙያ ከመለካቱ ይልቅ የሚከብደው የማይፈለገውን ለይቶ መጣሉ ነው። መሣሪያው ከዕቃው ጋር ጠረጴዛውንም ማሰሪያውንም ግድግዳውንም ይመዘግባልና። ግድግዳው ብዙ አያስቸግርም፤ ዕቃው ያለበት ስፍራ ስለሚታወቅ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። ክርክር የሚያስነሣው ከዕቃው አጠገብ ሆኖ ከመሰሎቹ የራቀው ነጥብ ነው፤ ይህም ክርክር ሌዘር ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ የተጀመረ ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሪድሪክ ቤሰል ከዮሐን ባየር ጋር በ1838 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምሥራቅ ፕሩስያ የመሬት ልኬት መጽሐፍ፥ ከሌሎቹ ስለራቀ ብቻ የጣሉት ንባብ እንደሌለ አስታውቋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፐርስ ግን በ1852 የራቀውን ንባብ በሒሳብ መርምሮ የሚጥል ደንብ አወጣ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ በ1856 ደንቡን ተቃወመ። በመርሕ ረገድ ቤሰል የተሻለ ይመስላል፤ ይሁንና ሚሊዮን ነጥቦችን አንድ በአንድ መመርመር ለማንም አይቻልም።

ስለዚህም በ1981 ማርቲን ፊሽለርና ሮበርት ቦልስ በካሊፎርኒያ ያወጡት ዘዴ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። ዘዴው ጥቂት ነጥቦችን በዕጣ ያነሣል፤ ለጠፍጣፋ ገጽ ሦስት ይበቃሉ። በእነርሱ ላይ ለተዘረጋው ገጽ ስንት ሌሎች ነጥቦች ቅርብ እንደሆኑ ቈጥሮ፥ ይህንኑ እየደጋገመ ብዙ ደጋፊ ያገኘውን ይመርጣል። ነገሩ የሸንጎ ድምፅ አሰጣጥን ይመስላል፤ ጥቂቶቹ እውነት ይዘው እንደሆነ አይጠየቅም። «ቅርብ» የሚባለውን ልክ የሚወስነውም ሰው ነው። ልኩ ያለ ጥንቃቄ ከተወሰነ በገጹ ላይ ያለ እውነተኛ ስርጉድ ከስሕተት ነጥቦች ጋር ተጠርጎ ይወጣል፤ ተቆጣጣሪውም ጉድለት ያለበትን ዕቃ ደኅና ነው ብሎ ይፈርማል።

ሌላው መንገድ የርቀቱን ምክንያት መፈለግ ነው። ጨረሩ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ከዕቃው ውጭ ስለሚወድቅ ካሜራው የብርሃኑን መሐል ይስታል። በ1995 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ብራያን ከርለስና ማርክ ሌቮይ፥ ምስሉን ሁሉ ለየብቻው ከመተርጎም ይልቅ ጨረሩ በአንድ ስፍራ ሲያልፍ ብርሃኑ እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በመከታተል ይህን ስሕተት ከምንጩ ቀነሱት። ከሚያብረቀርቅ ብረት የሚመጣው ነጸብራቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእርሱ እስከ ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከመለካታቸው በፊት ዕቃውን ነጭ ዱቄት ይረጩታል።