ጫጩቶቿን የተቀማችው ወፍ

ከነቀምቴ ተነስቶ ወደ ደቡብ አርጆ የደረሰ መንገደኛ ከደጋው ላይ ሆኖ የዴዴሳን ሸለቆ ቁልቁል ያያል። ዛሬ በዚያ አገር ልጆች በማለዳ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ከዴዴሳ ወዲህና ወዲያ ባሉ አገሮች ልጅ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ በገበያ ይሸጥ ነበር።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ነው። ገና በሕፃንነቱ ተሰርቆ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ምፅዋ ደረሰ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት እኚህ ሰው ናቸው። አስቴር ጋኖም በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ሲጓዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የተጫኑበት መርከብ በጣልያኖች ተይዞ ነፃ ወጡ። ሁለቱም ምፅዋ አጠገብ በነበረው የእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 ለኦሮሞ ልጆች የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ፤ አስቴር በቃል የሚያውቋቸው ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮችም በመጽሐፉ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ማስተማር ጀመሩ። ልጅነታቸውን የተቀሙ ሰዎች የሰው ልጆችን ለማስተማር ተመለሱ!

ውድ አንባቢያን! እምነታቸው ከእምነታችን የተለየ ነው። ታሪካቸው ግን እኛንም ይጠይቀናል። እነዚያን ልጆች ይነዱ ከነበሩት ነጋዴዎች መካከል ሶላት የሚሰግዱ እንደነበሩ መሸሸግ አይገባንም። የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ የሰማ ሰው የእናትን ለቅሶ እንዴት ሳይሰማ ቀረ?

በአንድ ጉዞ ላይ ሶሐቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ትዞር ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ባዩ ጊዜ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጫጩቶቿም እንዲመለሱላት አዘዙ። ለወፍ እናትነት ይህን ያህል ክብር ከተሰጠ፣ የሰው እናትማ ምን ያህል ይገባት?

ባርነት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1942 በአዋጅ ተሽሯል። ርኅራኄን ግን አዋጅ አያስተምርም። እስቲ ወደየቤታችን እንመልከት። ከገጠር መጥታ ለልጆቻችን እንጀራ የምትጋግር፣ እሷ ራሷ ግን ደብተር ያልያዘች ልጅ የለችምን? ልጃችን በመድረሳ ስለ እዝነት ተምሮ ሲመለስ እሷን ስንሰድብ ከሰማ፣ ከሁለቱ የትኛውን ትምህርት ይይዛል? መምህሩ የወፏን ታሪክ ይንገረው፤ እኛም ያችን ልጅ ትምህርት ቤት እናስገባት። ያኔ ትምህርቱ ይገባዋል።

አላህ ልባችንን ለደካሞች የሚራራ ያድርግልን። አሚን።